እናቴ አሸዋ የቆፈረችበት በጋ

አባቴ እናቴን አሸዋ ውስጥ ሊቀብራት እንደሚፈልግ የደረስኩበት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ማንም ሹክ አላለኝም፤ በገዛ ዓይኔ ያየሁት ነው። በዚያ በጋ በየቅዳሜው ከምሳ በኋላ አሮጌዋን ላንድክሩዘር ያስነሳና፣ እናቴን ከጎኑ፣ እኔን ከኋላ አስቀምጦ፣ ከአርባ ምንጭ ወጥቶ ሀሬ ወንዝ አባያ ሐይቅ ሳይደርስ ደርቆ አሸዋ ብቻ ወደሚሆንበት ስፍራ ይወስደናል። እዚያ ሲደርስ ከመሪው ይወርድና እናቴን በቦታው ያስቀምጣታል። እሷ ትንሽ እንደ ነዳች መኪናዋ እስከ ሆዷ አሸዋ ውስጥ ትሰጥማለች። ያኔ አባቴ አካፋውን ያወጣና ያቀብላታል።

"ቆፍሪ" ይላታል።

እናቴ ትቆፍራለች። ከፊተኛው ጎማ ሥር አሸዋውን ስትዝቅ ከዳር ያለው መልሶ ይናዳል፤ ያንን ስትዝቅ ሌላው ይናዳል። አባቴ አያግዛትም። ጀርባውን ሰጥቷት፣ ወደ ሐይቁ ዞሮ፣ ኮፍያውን ግንባሩ ላይ ደፍቶ ይቀመጣል። ስትለፋ እንኳ ማየት አይፈልግም ብዬ አንጀቴ ያርር ነበር። በእሱ ውትወታ መንጃ ፈቃድ አውጥታ ከሲቀላ ሴቻ በሚወስደው የከተማችን አስፋልት ላይ አልፎ አልፎ ነድታለች፤ አሸዋ ላይ ግን እንደማትችል እያወቀ ነው የሚያስነዳት። እንድትሰጥም፤ ሰጥማ እንድትቆፍር። እንደኔ ሒሳብ፣ አንድ ቅዳሜ ጉድጓዱ የሚበቃው ያህል ሲጠልቅ ነገሩ ያልቃል።

እናቴ አበቡ በቤተ ክርስቲያናችን መዋዕለ ሕፃናት የምታስተምር ሴት ነበረች። እጇ ጠመኔ እንጂ አካፋ አያውቅም። እኔንም ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ያ ሁሉ ሕፃን አንድ ላይ ሲያለቅስ እንኳ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ መዝሙር ትጀምራለች፣ አንድ ባንድ ዝም ይላሉ። በዚያ በጋ ግን መዳፏ ውኃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ እንደገና ቋጠረ። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ተቀምጣ እጇን ትዘረጋልኝና ቫዝሊን እቀባታለሁ። ሰኞ ጠመኔውን በሁለት ጣቷ ጫፍ ይዛ ስትጽፍ በመስኮት አይቻታለሁ። እኔ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያንን አካፋ የምትጥልበትን ቀን። በጸሎት ሰዓት ሌላው ልጅ ጫማና ብስክሌት ሲለምን እኔ አካፋው እንዲሰበር እለምን ነበር።

መቅበሩ የእኔ ግምት ይሁን እንጂ አሸዋው ራሱ ምክንያት እንዳለው አውቅ ነበር። አባቴ ኦይታ በዚያች መኪና ቱሪስት ወደ ኦሞ እያመላለሰ ነው የሚያሳድረን። በዚያ ዓመት ከአዲስ አበባ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ብዙ መኪና አሰልፎ ከኦሞራቴ ወዲያ ባለው በረሃ፣ በአሸዋ ጉብታዎቹ ላይ ሰዎችን ሊያስነዳ አስቧል ተባለ። ውኃና ነዳጅ ጭኖ ከሰልፉ ጋር የሚሄድ፣ አገሩን የሚያውቅ መኪና ፈለጉ፤ አባቴ ተመረጠ። ይህቺ ጉዞ ከተሳካች ሌላ ሥራ ይከተላል። ካልተሳካች መኪናዋ ትሸጣለች፤ መኪናዋ ከተሸጠች ደግሞ በአንድ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ደመወዝ የሚኖር ቤት የለም። ይህንን ከመጋረጃው ወዲያ ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ። ያልገባኝ የአባቴ ጉዞ ከእናቴ መዳፍ ጋር ምን እንዳገናኘው ነው።

መኪናዋን ያዘጋጅ የነበረው ካሱ ነው፤ ሲቀላ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ጋራዥ ያለው የአባቴ ጓደኛ። ካሱ የሚናገረውን ያህል የሚሠራ ሰው ነበር፤ የሚናገረው ደግሞ ብዙ ነው። አንድ ቀን አባቴ ከትምህርት ቤት ወስዶኝ ጋራዡ ስንደርስ የኋላው ወንበር ተፈትቶ መሬት ላይ ተቀምጧል። ፖርቶ መጋላው ከጣሪያዋ ወርዶ ግድግዳ ላይ ተደግፏል። መኪናችንን እየገነጣጠሏት መሰለኝ።

"አይዞሽ ዮርዲ" አለኝ ካሱ ፊቴን አይቶ። "አሸዋ ውፍረት አይወድም። አሸዋ ላይ የሚሄድ መኪና እንደ ሁዳዴ ጾመኛ ነው፤ ከስቶ፣ ቀሎ ነው የሚሄደው። እናንተ ቤት ሁዳዴ ስለሌለ አይገባሽም እንጂ።"

"ልጄን ተዋት" አለው አባቴ።

ጥግ ላይ ከዶርዜ አጎቴ የላከው ጥቅልል ቀርከሃ ነበር። ዶርዜ ቤቱን የሚሠራበትን ፍልጥ ቀርከሃ አጎቴ እንደ ምንጣፍ አድርጎ ጠልፎታል፤ ጎማው ሲሰጥም ከሥሩ ይነጠፋል። አጎቴ ባንዲራም ልኮ ነበር። በሰልፍ አሸዋ ላይ ሲነዳ እያንዳንዱ መኪና ረጅም እንጨት ላይ ባንዲራ ያቆማል፤ መኪናው ከጉብታው ወዲያ ሲሰወር ባንዲራው ይታያል፣ ሁለት መኪና ጫፍ ላይ አይጋጭም። አጎቴ ሸማኔ ነውና የዘር ማንዘሩ ስም እንዳይጎድፍ ብሎ እንደ ጋቢ የወፈረ፣ ጥለቱ ቀይና ቢጫ የሆነ ጨርቅ ሸምኖ ላከ። ካሱ ሸንበቆ ላይ አስሮ ቢያቆመው ሸንበቆው ጎበጠ። ነፋስ መጣ፤ ጨርቁ ንቅንቅ አላለም።

"ይሄ ባንዲራ አይደለም፣ የሙሽራ ልብስ ነው" አለ ካሱ። "በረሃ ላይ ብርድ ከመጣ ትለብሱታላችሁ።"

አባቴ ከልቡ ሳቀ። በዚያ በጋ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው መሰለኝ። በኋላ እናቴ የቀይ ጃንጥላዋን ጨርቅ ፈትታ ሌላ ባንዲራ ሰፋች።

ሳቁ ሲበርድ ካሱ ከአባቴ ጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላ ቆመና እጁን አነሳ።

"ስንት ነው?" አለው።

አባቴ ወደ ፊት እያየ "ሁለት" አለ። ካሱ አራት ጣት ነበር ያነሳው።

"አሁንስ?"

"ሦስት።"

ካሱ እጁን ጨርሶ አውርዶታል። እኔ ከት ብዬ ሳቅሁ፤ አባቴ እኔን ለማጫወት ሆን ብሎ የሚሸነፍ መስሎኝ። ካሱ ግን አልሳቀም።

"ለሰዎቹ ንገራቸው፣ ኦይታ።"

"እሷ ከለመደች ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ?"

"ካልለመደችስ?"

"ትለምዳለች። በል ዝም በል፣ ልጅቷ ትሰማለች።"

ስለ እናቴ እንደሚያወሩ ገባኝ። መልመድ ያለባት ነገር ግን አካፋው መሰለኝ። በመንገድ ላይ የአባቴን እጅ አልያዝኩም። አንድ ባጃጅ በጎናችን ሽው ብሎ ሲያልፍ አባቴ ደንግጦ ወደ ኋላ ዘለለ፤ ባለ ባጃጁ ሰደበው። ሰካራም ነው ብሎ ነበር የሰደበው። አባቴ ጠብታ የማይቀምስ ሰው ስለሆነ ባለ ባጃጁን ታዘብኩት።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ከሁሉም የከፋው ነበር። ወንበሩ ስለተፈታ ጥቅልሉ ቀርከሃ ላይ ተቀምጬ ነው የሄድኩት። አሸዋው ላይ ስንደርስ መጀመሪያ ጎማ ማስተንፈስ ነው። አባቴ እናቴን ከጎማው አጠገብ አንበርክኮ የጎማውን የነፋስ መግቢያ በሚስማር ጫፍ ያስነካታል፤ አየሩ ስስስ እያለ ይወጣል።

"ጎማው ጠንክሮ ከቆመ አሸዋው ይውጠዋል። እንደ ጠገበች ላም ሆዱን ሲዘረጥጥ ያኔ በቃው።"

ከዚያ ቀዩን ባንዲራ የተሸከመውን ሸንበቆ ይዞ በእግሩ ወደ ጉብታው ይሄዳል። የፊተኛው መኪና እሱ ነው።

"ባንዲራው ከወዲያ ወርዶ፣ እንደገና እስካልታየሽ ድረስ ንቅንቅ እንዳትይ። ከታየሽ በኋላ ግን አትፍሪ። መሀል ላይ ማርሽ አትቀይሪ፤ ፍሬን የሚባል ነገር እርሺው። ጫፉ ላይ ስትደርሺ እግርሽን አንሺና ቀጥ ብለሽ ውረጂ። ወደ ጎን ከዞርሽ ትገለበጫለሽ።"

ይህን ብሎ ከጉብታው ወዲያ ይሰወራል። እኔና እናቴ መኪና ውስጥ እንቀራለን። በቀኛችን ሐይቁ አለ፤ ሐይቁ ውስጥ አዞ አለ፤ ዳር ወጥቶ ፀሐይ የሚሞቅ አዞ ደግሞ በዚያ ወገን ብርቅ አይደለም። አባቴ ትቶን የሄደ ይመስለኝ ነበር። እናቴ መሪውን በሁለት እጇ ጨምቃ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች። ባንዲራው ከወዲያ ብቅ ሲል "ጌታ ሆይ" ትልና ነዳጅ ትሰጣለች። መኪናዋ ትጮኻለች፣ ትወጣለች፣ ሰማይ ብቻ ይታየናል። ጫፉ ሊደርስ ሲል እናቴ ትፈራና እግሯን ታነሳለች። አለቀ። ጎማው በቦታው እየተሽከረከረ ቁልቁል ይገባል።

አባቴ እየተደናቀፈ መጣ። አንዴም በእጁ መሬት ነካ።

"ምን አልኩሽ አበቡ?"

"ፈራሁ።"

"ፍርሃትሽን እዚህ ጨርሺው። እዚያ ከኋላሽ ሌላ መኪና አለ፤ ከእሱ ኋላ ሌላ አለ። አንቺ ከቆምሽ ሁሉም ይቆማል።"

"አልችልም፣ የዮርዲ አባት። የማልችለውን ነው የምትጠይቀኝ። ተወኝ፣ ወደ ሕፃናቶቼ ልመለስ።"

"ቆፍሪ።"

ያን ቀን እናቴ አካፋውን እንደ ያዘች አለቀሰች። እንባዋ ፊቷ ላይ በተጋገረው አቧራ መሀል መንገድ ሠርቶ ወረደ። አባቴ እንደ ልማዱ ጀርባውን ሰጣት። እኔ ከመኪናው ዘልዬ ወርጄ በእጄ አሸዋ መዛቅ ጀመርኩ።

"ተዪ አንቺ፣ እሷ ትማር" አለኝ ሳይዞር።

ጠላሁት። በዕድሜዬ አባቴን ከልቤ የጠላሁት ያን ቀን ነው።

እሱ ግን ጀርባውን የሰጠን እያለቀሰ ስለነበር ነው። ይህንን የነገረችኝ እናቴ ናት፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ እንደ ተራ ወሬ። ኮፍያውን የሚደፋው ከአሸዋው የሚያንጸባርቀው ፀሐይ የቀረውን ዓይኑን ስለሚወጋው ነበር። የዓይን ግፊት ነው ብለውታል ሐኪሞቹ፤ ከዳር ጀምሮ ወደ መሀል የሚመጣ ጨለማ። ያኔ ከፊቱ ያለውን ያያል፣ ከጎኑ ያለው ግን የለም። የካሱ ጣቶችም፣ ያቺ ባጃጅም የጠፉበት እዚያ ነው። ሕክምናው የቀረውን ያቆይልህ እንደሆነ እንጂ የሄደውን አይመልስም ተብሏል። ይህንን ከእናቴና ከካሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ለእኔማ እንዴት ይነገረኛል? ለእኔ የተነገረ ነገር በማግሥቱ ሲቀላ ገበያ ላይ ነው።

ምስጢር ሲደበቅ ግን ሰው የራሱን ታሪክ ይፈጥርለታል። ጎረቤታችን እትዬ በለጥሽ የእናቴን መዳፍ አየች። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ፀጉሯ አሸዋ ለብሶ፣ ዓይኗ አብጦ ስትመለስ አየች። ምን ሆንሽ ብላ ጠየቀቻት፤ እናቴ "ደህና ነኝ" አለች። እንዲህ ሆኖ ደህና ነኝ የሚል ሰው ምን እንደሚደብቅ እትዬ በለጥሽ ታውቃለች፤ ቢያንስ የምታውቅ መሰላት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ኦይታ ሚስቱን በረሃ እየወሰደ ይደበድባታል የሚለው ወሬ ሰፈሩን ሲያዳርስ ያልሰማው የእኛ ቤት ብቻ ነበር።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሽማግሌዎች በራችን ላይ ቆመው ጠበቁን። ከፊት ጋሼ ሀብተሚካኤል ነበሩ፤ ከዶርዜ ወርደው ከተማ የከረሙ፣ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም የሚሰማቸው ሰው። የሁሉም እጅ ላይ እርጥብ ሳር አለ። ጋሞ ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከልህ እምቢ አይባልም፤ ያንን ሳር ተራምዶ ያለፈ ልጁም ከብቱም አይባረክም። ወንጌላውያኖቻችን ብዙ ነገር "ይሄ የድሮ ነው" ብለው ሲያስተዉን ይህንን ግን አልነኩትም። እነሱም ቢሆኑ ጋሞዎች ናቸው።

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ጸሎቴ ተሰማ፤ አካፋው አበቃለት አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ግቢያችን ገብተው ከማንጎው ሥር ተንበረከኩ።

"ኦይታ" አሉ ጋሼ ሀብተሚካኤል። አማርኛቸው በጋሞኛ የታሸ ነው፤ ሴቱም ወንዱም በእሳቸው አፍ "አንተ" ወይም "እሱ" ነው። "እኛ ሽማግሌ ነን። መሬት ላይ ነን። ሚስትህ ላይ ያነሳኸውን እጅ አውርድ። ስለ ሳሩ አውርድ።"

"እጅ አላነሳሁባትም፣ ጋሼ።"

"መዳፉ ምን ሆነ ታዲያ? ፊቱስ? የሰው ልጅ አይደለም ወይ?"

እናቴ ልትናገር አፏን ስትከፍት አባቴ በእጁ ከለከላት። ሽማግሌ ተንበርክኮ ሰው አይቆምምና እሱም ፊት ለፊታቸው ተንበረከከ። 

"ዓይኔ እየሄደ ነው" አለ።

ጋሼ ሀብተሚካኤል ሳሩን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

"ከጎኔ የቆመ ሰው አይታየኝም። ጉዞው ደርሶ እኔ መሪ ከያዝኩ ሰው እገድላለሁ። መኪናዋን ለሌላ ሹፌር ብሰጥ ከሰው እጅ ጠባቂ ሆኜ ልቀር ነው፤ ከእሷ በቀር የማምነው የለኝም። መሪውን እሷ ትያዝልኝ ብዬ ነው። አሸዋ ደግሞ ካልሰጠሙበት፣ ካልቆፈሩት አይለመድም። ሌላ በደል የለብኝም።"

ከአጥሩ ወዲያ እትዬ በለጥሽ "ኢየሱስ!" ስትል ተሰማ። ሽማግሌዎቹ ራስ ለራስ ገጥመው በጋሞኛ ተንሾካሾኩ። ከዚያ ጋሼ ሀብተሚካኤል ቀና አሉ።

"ለሰዎቹ ተናገር። የሰው ነፍስ ነው፤ ተደብቀህ አትሄድም።"

"እናገራለሁ፣ ጋሼ።"

አሁን ተነስተው ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ አልተነሱም። በጉልበታቸው መሬቱን እየዳሁ ወደ እናቴ ዞሩ። ሳሩን ወደ እሷ ዘረጉ።

"አበቡ ልጄ፣ ስማ" አሉ ጋሼ ሀብተሚካኤል፣ ድምፃቸው ለስልሶ። "ባልህ ዓይን አጣ። አንተ ዓይን ሁነው። ቤት እንዳይፈርስ መኪናውን አንተ ያዝ። ይሄው እኛ መሬት ላይ ነን።"

እናቴ ሳሩን አየች። ከሳሩ ላይ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። አባቴን አላየችም፣ እኔንም አላየችም፤ ሳሩን ብቻ ነበር የምታየው። ከዚያ "እሺ" አለች። ሽማግሌዎቹ ተነስተው መረቋት፣ "አሜን" አልን። እኔ እንዲህ ያለ ክብር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም ነበር። የዶርዜ ሽማግሌ ለእናቴ ተንበረከከ! ከሰፈራችን ልጆች ይህን ከእኔ ሳይሰማ ያደረ የለም። አባቴንም ያኔውኑ ይቅር አልኩት፤ ምስኪን እንጂ ክፉ አልነበረማ።

አባቴ ቃሉን አከበረ። ለአስጎብኚዎቹ እውነቱን ነገራቸው፤ እነሱም እናቴን ወስደው ፈተኗት። ባንዲራውን ጠብቃ፣ ጉብታውን ወጥታ፣ ጫፉ ላይ እግሯን አንስታ ቀጥ ብላ ወረደች፤ አስተባባሪያቸው "ይበቃኛል" አለ። በጉዞው ጠዋት ከአዲስ አበባ የመጡት መኪኖች መንገድ ዳር ተደርድረው፣ ባንዲራቸው እየተውለበለበ የሲቀላ ሰው ተሰብስቦ ያይ ነበር። እናቴ መሪውን ይዛለች፤ አባቴ ከጎኗ ተቀምጧል። ካሱ ኮፈኑን ከፍቶ ዘጋ፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ ሌላ የሚሠራው ሲያጣ መስታወቱን ወለወለ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ከእትዬ በለጥሽ ጎን ቆሜ በኩራት ልፈነዳ ደርሻለሁ። እናቴ እጇን አውለበለበችልኝ፤ ፈገግ ማለቷንና አለማለቷን አላስታውስም።

በሳምንቱ ተመለሱ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ጆሮዋ ውስጥ ሳይቀር አሸዋ አለ። በረሃው ላይ ሌሎቹም ሰጥመዋል፣ እሷም ሰጥማለች፣ ሁሉም ቆፍሯል፤ ሰው ግን አልተጎዳም። አባቴ አንድ ባንድ ሲተርክ ግቢው በጠያቂ ሞላ። እሷ ውኃ ጠጣችና ገብታ ተኛች። ሰው እንደዚያ ሲተኛ አይቼ ስለማላውቅ እየተነፈሰች መሆኗን ለማየት ደጋግሜ ገባሁ።

ሥራው እንደተባለው ተከተለ። እናቴ በዚያው ወር መዋዕለ ሕፃናቱን ለቀቀች።

አባቴን ጨካኝ ማድረጌ ትንሹ ስህተቴ ነበር፤ አንድ በጋ ቆይቶ ወጣልኝ። ትልቁ ቀጥሎ የመጣው ነው። እናቴ ጀግና ናት፣ መኪናዋንም ትወዳታለች ብዬ አመንኩ። ትምህርት ቤት "እናቴ የበረሃ ሹፌር ናት" ስል ማንም ልጅ አይስተካከለኝም። ቱሪስቶች ከመኪናዋ አጠገብ አቁመው ፎቶ ሲያነሷት ፊቷ ላይ ያየሁ የሚመስለኝ ያው ኩራት ነበር። በመዋዕለ ሕፃናቱ በኩል ስናልፍ ሁልጊዜ ፍጥነት ትቀንሳለች። ሕፃናት መንገድ ላይ እንዳይገቡባት ነው እል ነበር። ግቢው እኮ አጥር አለው፤ ያኔም ነበረው። ከኦሞ ስትመለስ ወገቧን በነጠላ ጥፍር አድርጋ አስራ ትወርዳለች፤ ያንንም የሹፌር ወግ አደረግኩት። መዝሙር መተዋን ልብ ያልኩት አድጌ ነው። እኔ ስምንተኛ ክፍል ስደርስ አባቴ ጨርሶ አያይም ነበር። ቢሆንም ከጎኗ ተቀምጦ ሞተሩን እያዳመጠ "ማርሽ ቀንሺ"፣ "አሁን ልቀቂው" ይላታል። ትቀንሳለች፤ ትለቃለች። ሰው ሁሉ ያየውና "ባልና ሚስት እንዲህ ነው" ይላል።

አምና ለፋሲካ ከምሠራበት ከሐዋሳ መጥቼ ነበር። በዓሉ ባለፈ በማግሥቱ ጠዋት አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። እናቴ ከጎኑ በርጩማ ላይ ሆና፣ ሰፌድ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ለምሳ የሚቀቀል የሃለኮ ቅጠል ትቀነጥሳለች። ቃል አልተናገረችም። ከበሩ ውጭ መኪናዋ ተነሳች፣ ማርሽ ገባላት፣ ወደ አስፋልቱ ወጣች።

"እናትሽ ሄደች" አለኝ አባቴ። "ፍሪሲዮኑን ምን አድርጋ ነው እንዲህ የለቀቀችው? ደክሟት ነው መሰለኝ።"

እናቴ ከቅጠሉ ቀና አላለችም።

"እዚህ ነኝ፣ ኦይታ።"

አባቴ ፊቱን ወደ ድምፅዋ አዞረ።

"ታዲያ ማነው የያዛት?"

"የገዛት ሰው።"

የሞተሩ ድምፅ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ጠበቀ።

"ሸጥሻት?"

"ካሱ ገዢ አገናኘኝ። ሸጥኳት።"

"ሳትነግሪኝ?"

"ብነግርህ ሽማግሌ ታስገባብኝ ነበር።"

ተረብ መስሎኝ ልስቅ ስል ፊቷን አየሁትና ተውኩት።

"ወገብሽ ነው?"

"ወገቤም ነው።"

"ትወጃት ነበር እኮ፣ አበቡ።"

"አንድም ቀን" አለች። "አንድም ቀን ወድጃት አላውቅም። የእኔ ሥራ ሕፃናቱ ነበሩ። ይኸው ጎርምሰው ሲቀላ ላይ በጎኔ ያልፋሉ፣ ማን እንደሆንኩ አያውቁም።"

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር፤ ድካም ብቻ ነው የሰማሁት። አባቴ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ሲያረጅ በዓይኔ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬህ ነበር። የሄደው እኮ ዓይንህ ነው፣ ኦይታ፤ ጆሮህ ደህና ነበር።"

 ስትነግረው እኔም ከኋላቸው ተቀምጬ ሰምቻታለሁ። አባቴ እጁን ዘረጋ። በዳበሳ ጉልበቷን አገኘ፣ ከጉልበቷ ላይ ሰፌዱን አገኘ፣ ሰፌዱን ወደ ራሱ ሳበው። አንድ የሃለኮ ዝንጣፊ አንስቶ ቅጠሉን ከነእንጨቱ እያደባለቀ መቀንጠስ ጀመረ። እናቴ ትንሽ አየችው፤ ከዚያ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።